የእሁድ ወረፋ

ልብስ ሰፊው በሰፈራቸው ዕድሜ ልካቸውን የሚጠሩት በሙያቸው ነበር። ልጃቸው ሕክምና ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ ግን ሙያው ተረሳና «የዶክተሩ አባት» ተባሉ። ስሙን ወደዱት። ሰው ምን ይለኛል ብለው እንጂ፣ ከሱቃቸው በር በላይ ባጻፉት ነበር።

እንዲህ ያለ ስም ደግሞ እንዲሁ አይበላም፤ የዶክተር አባት የተባለ ሰው ዶክተሩን ማቅረብ አለበት። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ ወገቡን ሲለኩት ቃተት ካለ፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው «እሁድ ና፣ ልጄ ያይሃል» ይሉታል። ካፈረም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ያደፋፍሩታል። ልጁ ተለማማጅ ሐኪም ሆኖ ሆስፒታል መዋል ከጀመረ በኋላ በእረፍቱ ቤት ሲመጣ፣ ሳሎኑ በሰው ተሞልቶ ይጠብቀው ጀመር። አንዱ ሆዱን ይዞ፣ አንዷ ወገቧን ይዛ፣ ሌላዋ ዓይኗን በጨው አጥባ ሩቅ ያለች እህቷን በስልክ ታስመረምራለች። እናቱ ምሳውን ይዛ በር ላይ ትቆማለች፣ ምሳውም ይቀዘቅዛል። አባት ደረታቸውን ነፍተው ወረፋ ያስከብራሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ሳምንቱን ሙሉ የሚናፍቋት ይህችን ሰዓት ነበር።

ልጁ ቀስ በቀስ መቅረት አመጣ። «ተረኛ ነኝ» ይላል በስልክ። በሚቀጥለውም እሁድ ተረኛ ነው። አባት ኮሩ እንጂ አልጠረጠሩም፤ ሆስፒታሉ ያለ ልጃቸው መዋል ያቃተው መሰላቸው። የታላቅ ወንድማቸው የታመመ ጉልበት ግን ትዕግሥት አልነበረውም። «ዶክተር አለን እያልክ እኔ በዱላ ልሂድ?» ብለው ሲያሽሟጥጧቸው፣ ልብስ ሰፊው የወንድማቸውን ራጅ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ።

ጠይቀው ጠይቀው የተረኞቹ ማረፊያ ክፍል ደረሱ። በሩ ላይ ያገኙዋት ተለማማጆቹን የምትመራው ሐኪም ነበረች። ማን እንደሆኑ ሲነግሯት ራጁን አየችና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

«ልጅዎ ዛሬ ተረኛ አይደለም፣ አባቴ» አለች።

«ታዲያ የት ሄደ፣ ልጄ?»

«እዚሁ ተኝቷል። በእረፍቱም የሚውለው እዚህ ነው። ከባድ ነገር ገጥሞታል። ምን እንደሆነ እሱ ራሱ ቢነግርዎ ይሻላል። ምግብ እንቢ ብሏል፣ ከሰው አይጫወትም። የሚያናግረው ባለሙያ አግኝተንለታል፣ እየሄደ ነው። እስቲ ቤትህ ሄደህ እረፍ ስለው ግን ‹እዚያም ወረፋ አለ› አለኝ።»

ልብስ ሰፊው ራጁን መልሰው ብብታቸው ሥር ሸጎጡት። ወረፋውን ያስያዙት ማን ሆነና። በበሩ መስታወት አጮልቀው አዩት፤ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ጋዋኑን የሰፉለት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ትከሻው ላይ ልክክ ያለው ልብስ አሁን ሰፍቶታል። ሳይቀሰቅሱት ተመለሱ።

የሚቀጥለው እሁድ ልጁ በእናቱ ልመና ቤት መጣ። አባት ወንበራቸውን ከሳሎን አውጥተው ደጃፍ ላይ ተቀመጡና የመጣውን ሁሉ ይመልሱ ጀመር። «ዛሬ ደግሞ ኮራችሁ?» ያለችም ነበረች፤ ዋጥ አደረጉት። በመጨረሻ ታላቅ ወንድማቸው እያነከሱ መጡ።

«መመለሱ ለእኔም ነው?» አሉ።

«ለአንተም ነው፣ ጋሼ። ነገ ሐኪም ቤት አብሬህ እሰለፋለሁ።»

ወንድማቸው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ልብስ ሰፊውን ያሳደጓቸው እኚህ ወንድማቸው ነበሩና፣ ይኼ አመማቸው።

ልጁ ይህን ሁሉ ከውስጥ ሰምቶታል። ወጣና አጠገባቸው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ሕፃን ሞተብኝ፣ አባዬ» አለ።

«ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» አሉ ልብስ ሰፊው። ልጁም ነገራቸው። ሕፃኑ ሳቂታ እንደነበር፣ የጋዋኑን ቁልፍ ይዞ አልለቅም ይል እንደነበር ነገራቸው። «ከሞተ በኋላ እናቱ አመሰገነችኝ። ደክመህለታል አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ጠየቃቸው፤ «ሕክምናውን ብተወውስ?»

ያ የወደዱት ስም፣ መንገድ ላይ ቆሞ ሰላም የሚላቸው ሰው፣ የልጁ የምረቃ ቀን፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባቸው።

«ተወው» አሉ አባት። «ስፌት አስተምርሃለሁ። እንዲያው ለመቀስ የሚሆን እጅ የለህም እንጂ። በልጅነትህ የሰው የሙሽራ ቀሚስ ቆርጠህ አዋርደኸኛል።»

ልጁ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረበት።

«አልተወውም ይሆናል» አለ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። «እኔ ያጣሁት ተወው የሚለኝ ሰው ነበር።»

ልብስ ሰፊው ከወንበራቸው ወርደው ደፉ ላይ ጎኑ ተቀመጡ፣ እስኪወጣለትም አብረውት ቆዩ።