የእህቴ የወረቀት መጋረጃ

ሐይቅ ዳር በነበረው ቤታችን፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ በሚያስገባው በር ላይ ታላቅ እህቴ የሠራችው የወረቀት መጋረጃ ተሰቅሎ ነበር። የሠራችው ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። ያረጁ የቀን መቁጠሪያዎችን፣ ምርጫ ሲያልፍ ከአጥር የተላጡ ፖስተሮችን ትሰበስብና በረጅሙ እየቆረጠች በወስፌ ላይ ትጠቀልላቸዋለች፤ መጀመሪያ ኮላ፣ ከዚያ ቫርኒሽ። ሲደርቁ እንደ ጨሌ ይጠነክራሉ። በሲባጎ ሰክታ ጎን ለጎን ስታንጠለጥላቸው፣ ራቅ ብሎ ለሚያይ ሐይቁና ማዶ ያለው ተራራ በቀለማቸው ተስለው ይታያሉ። ሰው ሲያልፍበት ሐይቁ ይበታተንና እየተንኳኳ መልሶ ይገጥማል።

አባታችን የሥዕል መምህር ነበር። በከተማው ሊከፈት ለነበረ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ሥራዎችን እንዲመርጥ ሲጠየቅ፣ እህቴ መጋረጃውን ጠቅልላ ሰጠችው። ሳያስገባው ይዞት ተመለሰ።

«ይሄ የእጅ ሥራ እንጂ ሥነ ጥበብ አይደለም» አላት። «ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይ ነገር ነው።»

«ሰው ቢያልፍበትስ አባዬ፣ ምን ይጎድልበታል?»

«በር ይሆናላ።»

ለልጁ አዳላ እንዳይባል ፈርቶም ይመስለኛል። እሷ ወንበር ላይ ወጥታ ጓዳው በር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ስትጠቀልል አላየኋትም። በዓመቱ ወባ ያዛትና ሞተች።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ፣ ማንም ሳያልፍበት መጋረጃው ይንኳኳል። ድሮም ይንኳኳ ነበር ይሆናል፤ ልብ ያልነው ግን ያኔ ነው። ልክ እሷ ትከሻዋን አስቀድማ ስትገባ የሚሰማው ድምፅ ነበር። እናቴ ጓዳ ሆና፣ ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል፣ «ግቢ» ትላለች። እኔ እፈራ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሳሎን ብቻዬን አልቀመጥም። አባቴ ደግሞ በዚያ በር ማለፍ ተወ። ከጓዳ የሚፈልገው ነገር ካለ በጓሮ ዞሮ ይገባል።

አንድ እሑድ ጠዋት የራሱን ትልቅ ሥዕል ከሳሎኑ ግድግዳ አወረደና መጋረጃውን በቦታው ሰቀለው፤ ከላይም ከታችም በሚስማር ወጥሮ። ማንም ሳይጠይቀው «ሥነ ጥበብ ነው» አለ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ልለው ነበር፤ ዓይኑን ሳይ ዋጥኩት። እውነትም ያምር ነበር። ሐይቁ ሳይበታተን ተቀመጠ።

ነፋሱ በሰዓቱ መጣ። መጋረጃው ግን ድምፅ አላሰማም። እናቴ እጇን እየጠረገች ከጓዳ ወጣች፤ ባዶውን በር አየች፣ ከዚያም ግድግዳውን። ተመልሳ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ምሳ እያቀረበች፣ «ልጄን ዝም አሰኘሃት» አለችው። «ሁለተኛህ ነው።»

አባቴ እጁን ከማዕዱ አነሳ። ተነሥቶ ሚስማሮቹን ነቀለ፤ ወንበሩን እኔ ያዝኩለት። መጋረጃውን በሩ ላይ መልሶ ሰቅሎ ገና ሳይወርድ ነፋሱ ደረሰና መንኳኳት ጀመረ። እናቴን ጠበቅናት፤ ምንም አላለችም።

አባቴ ወንበሩ ላይ እንደቆመ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ግቢ» አለ። «ግቢ፣ ልጄ።»