ጸበል ላይ የተጫረ ክብሪት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ያስታጎልኩትን ስግደት ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ዘለልኩት። ረስቼው አይደለም፤ እያወቅሁ ነው። እናንተ የምታነቡ፣ በእሳቸው ቦታ ሆናችሁ ስሙኝ። አትዘኑልኝ ግን።

ልጄ ማህሌትና ጓደኛዋ ሩት በመኪና ካናዳ ሊሄዱ ነበር፤ ወደ ሰሜን፣ መንገድ አልቆ ወንዝ ብቻ ወደሚቀርበት ፓርክ። ስልክ አይሠራም፣ ሰው አይኖርም። በታንኳ እየወረዱ፣ ዳር ዳሩን በድንኳን እያደሩ ሊሰነብቱ። ጊዜው ፍልሰታ ነው። ሱባኤውን ጫካ ልታሳልፈው መሆኑ አበገነኝ፤ አልተናገርኩም።

በመሄጃቸው ዋዜማ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ያለው አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ ዕቃቸውን ምንጣፉ ላይ ዘርግተው ነበር። ጸበል በጠርሙስ አምጥቼ ያዙልኝ አልኳቸው።

«ማሚ! ወንዝ እኮ ነው የምንሄደው፤ ውሃ ከሎስ አንጀለስ?» ማህሌት በሳቅ ፈረሰች።

«እትዬ ዘነብ፣ እንዳይከብደን ብለን የጥርስ ብሩሹን እጀታ እንኳ ቆርጠነዋል፤» አለች ሩት። «ሶ፣ ቦታ የለም። አትቀየሚን፣ ኦኬ?»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መኪናውን ቤንዚን ሊሞሉ ሲወጡ የሩትን ሻንጣ ከፈትኩ። ለጸበሉ ቦታ ልፈልግለት ነበር። ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አገኘሁ፤ ውስጣቸው ጥርት ያለ ነገር። ከፍቼ አሸተትኩ። አረቄ! በፍልሰታ! የማህሌትን አባት የቀበርኩት መጠጥ ገድሎት ነው። ይህን ስላችሁ ራሴን ላጸድቅ ይሆን? ተዉት፤ አትቁጠሩልኝ። ሁለቱንም ማጠቢያው ላይ ደፋሁ፣ አለቀለቅሁ፣ ጸበል ሞላሁና ወደ ቦታቸው መለስኩ። እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆቼ።

ብጠይቃቸው ኖሮ «የምድጃችን ነዳጅ ነው» ብለው በአንድ ቃል ይመልሱልኝ ነበር። በአልኮል የሚነድ፣ የስፒሪት ምድጃ የሚባል ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። አለማወቄ አይደለም ኃጢአቴ። ዘነብ ቃሏን ትቆጥባለች እያለ ሰው ያመሰግነኛል። ይኸው ቁጠባዬ!

እዚያ ወንዙ ላይ ታንኳዋ ተገለበጠች። ማህሌት በዝናብና በብርድ ላይ እስከ አጥንቷ ረጠበች፣ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ቃል መጨረስ አቃታት። እንጨቱ ሁሉ ርሷል። ሩት ውሃ ልታፈላላት ምድጃውን አወጣች፣ ከጠርሙሱ ቀዳችበት፣ ክብሪት ጫረች። ደግማ ጫረች። ሁለተኛውን ጠርሙስ ከፈተች። ልጄ እየሞተች ያቺ ልጅ ጸበል ላይ ክብሪት ትጭር ነበር!

ከዚያ የራሷን ደረቅ ልብስ አልብሳ፣ አቅፋት ተኛች። የሩት እናት አስቴር «እሳት አይፈልግም» ብላ የሰጠቻትን በሶ በወንዝ ውሃ በጥብጣ አጠጣቻት። ታንኳ የሚቀዝፉ ሽማግሌ ባልና ሚስት እስኪደርሱላቸው ድረስ በነፍስ ያቆየቻት እሷ ናት። አምላኬ ሆይ፣ ልጄን መልሰህልኛል፤ አመሰግንሃለሁ። የመለስክልኝ ግን በሩት እጅ ነው።

ማህሌት ከሆስፒታል ደወለች። «ማሚ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ ነበር። ሩት ተሳስታ ውሃ ሞልታለች፤ ራሷም እኔ ነኝ እያለች ታለቅሳለች።»

ያኔ ሁሉም ገባኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ምን አልኩ? «እንዴት እንዲህ ትዝረከረካለች!» አልኩ።

በዚህም አልበቃኝም። የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ወዳለችው የአስቴር ሱቅ ሄድኩ። ሽሮ ስትመዝን አገኘኋትና በገበያተኛው ፊት ጮህኩባት። «ልጅሽ ልጄን ልትገልብኝ ነበር!» ቃል ቆጣቢዋ እኔ! አስቴር ሽሮውን አስቀምጣ እግሬ ላይ ልትወድቅ አጎነበሰች። «ዘነብዬ፣ በእመቤታችን» አለችኝ። ወጥቼ ሄድኩ። በዚያው ፍልሰታ ሲፈታ ቆረብኩ።

ሩት ነርስነት ትማር ነበር፤ ተወችው። «መድኃኒት ብቀያይርስ?» አለች አሉ። ኑሮዋን ወደ በርባንክ ከተማ አዛወረች፤ ማህሌትም ቀስ በቀስ ራቀቻት። ዓመታት አለፉ፤ አፌን አልከፈትኩም።

ባለፈው እሑድ ሩት ፌርፋክስ ላይ መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ አየኋት። ቆለፈች፣ ጥቂት ሄደች፣ ተመልሳ እጀታውን ሳበች። ደግማ ሄደች፣ ደግማ ተመለሰች። እጇን አታምነውም። አየችኝና መጥታ ትከሻዬን ሳመች። «እትዬ ዘነብ፣ ዛሬስ ይቅር ብለሽኛል?»

«እግዜር ይቅር ይበልሽ» አልኳት።

እኔ! እሷን! ይቅር አልኳት! ምን ዓይነት ምላስ ነው ይህ?

ይህን ጽፌ ስጨርስ ሩት ጋ በርባንክ እሄዳለሁ። ማህሌትም አብራ ትሰማለች። ንስሐ አባቴ ከእነሱ በኋላ ናቸው፤ ቀኖናቸውንም እቀበላለሁ። ሩትን ግን ይቅርታ አልለምንም። እንደ ልማዷ ቶሎ ብላ እንዳትሰጠኝ እፈራለሁና።

ሩት፣ ጠርሙሶቹን በነዳጅ ሞልተሻቸው ነበር። በደንብ ሞልተሻቸው ነበር። እጅሽ አልተሳሳተም።