በሆዴ ያደገችው

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ይብዛላችሁ። ብዙ ጊዜ ልመስክር ብዬ ተነሥቼ መልሼ ተቀምጫለሁ። ነገሩን ሳወራው እኔን ራሴን ስለሚያስፈራኝ ነው። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ታገሡኝና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ስሜ ጥሩዬ ይባላል። የቁይ አካባቢ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ጾም የማይሽር፣ ሰው የሚያከብረው ሰው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በግራ ጎኔ በኩል ሆዴ ውስጥ አንድ ጠንካራ ነገር ነበር። በዚያ ጎኔ ስተኛ ይጫነኛል። እጄን ሳሳርፍበት ከልቤ ጋር እኩል ይመታል። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለው ይመስለኝ ነበር።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ ሆዴ መግፋት ጀመረ። መጀመሪያ ነጠላዬን አስፍቼ ለበስኩ። ከዚያ የሚሸፈን አልሆነም። ጓደኞቼ ከእኔ ጋር መሄድ አቆሙ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ አልመታኝም። ዝም ብቻ አለኝ። እኔ ስገባ ይወጣል፤ ስቀመጥ ይነሣል። ወገኖቼ፣ እኔ ወንድ አላውቅም ነበር። ይህን የሚያምነኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እናቴ።

እናቴ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ። ባለሙያው አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ ሲያንሸራትት ቆየና እጁ ድንገት ቆመ። ስክሪኑን ወደ እናቴ አዞረው።

«ይሄ አከርካሪ ነው» አላት። «ይሄ የእግር አጥንት ነው። የልብ ምት ግን የለውም። ጽንሱ ሞቷል፤ መውጣት አለበት።»

«ልጄ ወንድ አታውቅም» አለች እናቴ።

ሰውየው ፈገግ አለ። «እናት ሁሉ እንዲህ ትላለች» አላት።

የሚያስወርድ መድኃኒት ሰጠኝና ዋጥኩት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ጠበቅን። ምንም አልወጣም። ሳምንታት አለፉ፤ ልብሴ አሁንም እየጠበበኝ ሄደ። ሰውነቴ ሲከሳ እሱ ይወፍራል። ምግብ ስበላ ለራሴ የምበላ አይመስለኝም ነበር።

በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ወደሚገኝ ሆስፒታል ሄድን። እዚያ ያገኘነው ዶክተር ወጣት ነው። ከክሊኒኩ ያመጣነውን ምስል ካዲሱ ጋር አስተያየና «አድጓል» አለ።

«ሞቷል ተብለን አልነበር እንዴ?» አለች እናቴ። «የሞተ ነገር እንዴት ያድጋል?»

ዶክተሩ ሌላ ምርመራ አዘዘ፤ ሌሎች ዶክተሮችንም ጠርቶ ተማከረ። ሲመለስ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጥሩዬ፣ አላረገዝሽም» አለኝ። «ማሕፀንሽ ባዶ ነው። ይሄ ያለው ከኋላ፣ ከኩላሊትሽ አጠገብ ነው። እናትሽ አንቺን ስታረግዝ መንታ ነበራችሁ። አንደኛው ሳያድግ አንቺ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ልብ የለውም፤ በአንቺ ደም ነው የኖረው። ከስንት ሰው አንዱ ላይ የሚያጋጥም ነው።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና ቀስ ብላ ተናገረች። «ሁለት ናቸው ብዬ ነበር። ሆዴን ሁለት ቦታ ይረግጠኝ ነበር። አንድ ስወልድ ሁሉም ሳቀብኝ።»

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር። ስነቃ ሕመሙ አልደነቀኝም፤ የደነቀኝ ጎኔ ነው። ባዶ ነበር። እጄን ባስቀመጥኩበት ቦታ የሚመታ ነገር አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ የኖረ ሰው ሳይሰናበተኝ የወጣ መሰለኝና አለቀስኩ።

በማግስቱ ዶክተሩ መጣ። «ይህን ነገር ለተማሪዎች ማስተማሪያ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ፈሳሽ ጠርሙስ ውስጥ ብናስቀምጠው ብዙ ይጠቅማል» አለኝ። «ፈቃድሽን ልጠይቅ ነው።»

«መጀመሪያ ልየው» አልኩት።

«አይጠቅምሽም።»

«ከእኔ ነው የወጣው፤ ልየው።»

አመጣልኝ። ወገኖቼ፣ ፊት የለውም። አንድ እጅ ብቻ ነበረው። ጣቶቹ ላይ ጥፍር አለ። ጸጉሩ ጥቁርና ረጅም ነው፤ ልክ እንደኔ ከግንባሩ በላይ ዞሮ የተኛ። በጨለማ ውስጥ ማንም ሳያበጥረው ያደገ ጸጉር። ዶክተሩ «ይሄ ነገር» ይላል፤ እኔም «እሱ» እላለሁ። እናቴ ግን ጎንበስ ብላ አየችና «እሷ» አለች።

ከዚያ ወዲህ መብላት አቃተኝ። ከሁለታችን አንዳችን ሰው ሆንን፤ አንዳችን ጠርሙስ ውስጥ ልንገባ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ዶክተሩን «ሰው ናት ወይስ አይደለችም?» ብዬ ጠየቅሁት። «አንጎል የላትም፤ ብቻዋን ልትኖር አትችልም ነበር። ይህን ልነግርሽ እችላለሁ። አንቺ የጠየቅሽኝን ግን እኔ በመሣሪያ አላገኘውም» አለኝ። ስለ እውነተኛነቱ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

አጠገቤ የተኛችው እትዬ ብዙአየሁ የደምበጫ ሰው ናት። በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግሯ ተቆርጧል። የጌታ ልጅ መሆኗን ያወቅሁት ዝቅ ባለ ድምፅ ስትጸልይ ሰምቼ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ ጠራችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው የማትበዪው ልጄ?»

ሁሉንም ነገርኳት። «ለምን እኔ ወጣሁ? ለምን እሷ ቀረች?» አልኳት።

«እሱን አላውቅም» አለችኝ። «ግን ሰው የሚያሰኘን የአካላችን ሙሉነት ከሆነ እኔ እግሬ ሲቆረጥ ከሰውነት ጎደልኩ ማለት ነው? ጌታ ሁለታችሁም በእናታችሁ ማሕፀን ተጣጥፋችሁ ሳላችሁ ያያችሁ ነበር። እሷንም አልረሳትም፤ አንቺንም ለከንቱ አላወጣሽም። ኢየሱስ ማንም ያላየሽ ቦታ ያውቅሻል።»

ክብር ለስሙ ይሁን፤ ያን ቃል ስሰማ ውስጤ ያለው ፍርሃት ለቀቀኝ። ሰው ሁሉ ሆዴን ሲያይ፣ ስክሪኑን ሲያይ፣ እኔን ያየኝ ጌታ ነው። እዚያው አልጋ ላይ እጇን ይዤ ሕይወቴን ሰጠሁት።

ለዶክተሩም መልሴን ነገርኩት። «ፎቶ አንሡ፤ ፊቴና ስሜ ግን አይውጣ። ተማሪዎቹ ይማሩበት፤ ሌላ ልጅ እንደኔ ሳታረግዝ አርግዛለች እንዳትባል። እሷን ግን ስጡን፤ እንቅበራት።» ለአፍታ አየኝና «መብትሽ ነው» አለ።

ሊወስደን የመጣው አባቴ ነበር። ዶክተሩ ሁሉንም አስረዳው። አባቴ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ እናቴ በነጠላዋ የጠቀለለቻትን ተቀብሎ ከጋቢው ሥር አቀፋት።

በሚኒባሱ ረዳቱ «አባቴ፣ ዕቃውን ከላይ እንጫንልዎት፤ ይመችዎታል» አለው።

«ዕቃ አይደለም» አለ አባቴ። «ልጄ ናት።»

እስከ ቁይ ድረስ እንዳቀፋት ሄደ።

ከማሳችን ዳር፣ ግራሩ ሥር ቀበርናት። እናቴና አባቴ እስከ ዛሬ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናቸው ናቸው፤ እኔ በጌታ ቤት ነኝ፤ ማዕድ ስንቆርስ ግን አብረን እንጸልያለን። ዛሬ ጤነኛ ነኝ። በዶክተሩ እጅ የፈወሰኝ ጌታ ይመስገን።

ወገኖቼ፣ ከእናንተ መካከል ሐኪም ፊት ተቀምጦ፣ ስለ ልጁ ወይም ስለ አባቱ «ይህ ሕይወት ነው ወይስ አይደለም» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል። ሐኪሙን ስሙት፤ የሚያውቀውን ይንገራችሁ። እሱ አላውቅም ብሎ ሲያቆም ግን ብቻችሁን አትቅሩ። ያን ጊዜ ጌታን ጥሩት። እኔ ጠርቼው መጥቷል።