ጨ ስምንት

«አፍሽ ነው ያሳሰረሽ፤ እስቲ ደግሞ እጅሽን ሥራ ስጪው» አሉኝ፣ ሮቤ ከታሰርኩ በሁለተኛው ቀን።

አዴ፣ እናታችን እንደማለት፣ ነበር የምንላቸው። ከጎባ በላይ፣ ብርዱ አጥንት ከሚገባበት አገር የመጡ እናት ናቸው። ወንድ ልጃቸው የገባበትን ይናገሩ ተብለው ነው የታሰሩት። እኔ ደግሞ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስለታፈሱት ልጆች ስለጠየቅኩ። እውነታቸውን ነው፣ አፌ ነው።

ዘጠኝ ሴቶች ነበርን፣ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ። ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ የሰው እግር እረግጣለሁ። አዴ ጥግ ይዘው የሱፍ ኮፍያ ይሠራሉ፣ ያንን ወደ ጎን ደፋ የሚለውን ሰፊውን። ክሩን ሴት ልጃቸው ከስንቅ ጋር ታመጣለች። እቤት የተፈተለ ነው፤ እርጥበት ሲነካው በግ በግ ይሸታል። ብረት ስለማይገባ ሁለት የመጥረጊያ እንጨት ልጠው፣ ወለሉ ላይ ሞርደው ነው የሚሠሩበት።

አስተማሩኝ። ስቸኩል የክሩ ቀለበት ከእንጨቱ ያመልጠኛል፣ ሁሉም ይተረተራል። «ሱታ፣ ኢንታላ ኮ! ቀስ በይ ልጄ! ማን ያባርርሻል? በሩ እንደሆነ ዝግ ነው» ይሉና ይስቃሉ። እሳቸው ቁጥሩን በቃላቸው ነው የሚይዙት። እኔ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ ነኝና ካልጻፍኩ አይገባኝም። ቀጥ ብሎ የሚሠራውን «ቀ»፣ ተገልብጦ የሚሠራውን «ግ»፣ ሲጨመር «ጨ»፣ ሁለቱ ባንድ ሲያዙ «ሁ» እያልኩ በቁራጭ እርሳስ የስንቅ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ከነቁጥሩ ጻፍኩት። አዴ ወረቀቱን ከክሩ ጋር ጉያቸው ከተቱት።

ረቡዕ ጠዋት ፍተሻ መጣ። አዴ በማግሥቱ እንደሚለቀቁ ተነግሯቸው ነበር። ፈታሿ ወረቀቱን ከጉያቸው አወጣች፣ አገላብጣ አየችው፣ ይዛው ሄደች። ስትመለስ «ነገ የሚባል ነገር የለም» አለቻቸው። አዴ ክሩን መጠቅለል ጀመሩ፤ የተጠቀለለውን ክር፣ እንደገና።

በሩን ደበደብኩ። «ጽሑፉ የኔ ነው! እሳቸው ማንበብ አይችሉም!»

መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ።

«ጨ ስምንት ምንድነው?»

«ስምንት ቀለበት ጨምሪ ማለት ነው።»

«ስምንት ሰው ጫካ ገባ ማለት አይደለም?»

«ጫካ በጫ ነው የሚጻፈው።»

በሩ ጋ የቆመው ፖሊስ ሳቀና አፉን ያዘ። መርማሪው አልሳቀም። «ቀ ሁለት፣ ግ ሁለት። ቀበሌ ሁለት፣ ግንባር ሁለት...»

«ክሩን ያስመጡልኝ። እርስዎ ያንብቡ፣ እኔ ልሥራ። ኮፍያ ካልሆነ እኔ ላይ የፈለጉትን ይጻፉ፤ አዴን ግን ይተዉአቸው።»

ነገሩን ያሰብኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እስከዚያ ቀን አንድም ኮፍያ ጨርሼ አላውቅም።

አዴ የጀመሩትን፣ ጠርዙ ብቻ ያለቀውን ከክሩና ከእንጨቶቹ ጋር አመጡልኝ። መርማሪው መጀመሪያ ወረቀቱን እንደ ክስ ነበር የሚያነበው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወንበሩን አስጠግቷል። «ቆይ፣ አንድ አልዘለልሽም?» አለኝ። ቆጠርኩ፤ ዘልያለሁ። ፈትቼ ደገምኩት። ዛሬ እዚሁ ሮቤ ገበያው አጠገብ ኮፍያ እየሠራሁ እሸጣለሁ፤ ከሰው ጋር እየተጨቃጨቅኩም እጄ አይሳሳትም። ያን ቀን ግን እያንዳንዷን ቀለበት በከንፈሬ እየቆጠርኩ ነበር።

አሥር ሰዓት ገደማ የወረቀቱ መጨረሻ ደረስን። እጄ ላይ ያለው ገና ዝርግ ጨርቅ ነው።

«ታዲያ ይኼ ኮፍያ ነው?»

ክሩን በቀሩት ቀለበቶች ውስጥ አሳልፌ ሳብኩት። ጨርቁ ተሰበሰበ። ጎንና ጎኑን በዚያው ክር አያያዝኩት፤ ክብ ሆነ።

አንዴ ኮፍያውን፣ አንዴ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ወደ ፖሊሱ ዞሮ «ሴትዮዋ ነገ ይውጡ» አለ። ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተተና እጁን ዘረጋ። «ኮፍያውም ይቆይ። ኤግዚቢት ነው።»

«የያዛችሁት ወረቀት ነው። ኮፍያው የአዴ ነው» አልኩና ራሴ ላይ ደፋሁት። ሰፋኝ፣ አንድ ጆሮዬን ሸፈነኝ።

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ፖሊሱ በሩን ከፈተው። እንጨቶቹን ሰብስቤ ወጣሁ።