ማልቤክ፣ በሞቴ

በየትኛው ዓመት እንደነበረ በደንብ አላስታውስም። የጉልበቴ ቀዶ ጥገና ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው ትላለች። በቤታችን ዓመቱን የምትይዘው እሷ ስለሆነች አልከራከርም። ብቻ ስካይዌይ የሚባለው ሰፈር ከገባን ወዲህ ነው። ዝናብም ነበር፤ ሲያትል ውስጥ ዝናብ ነበር ማለት ደግሞ ምንም ማለት አይደለም።

ያኔ የምሠራው አንድ የወይን ጠጅ መሸጫ ውስጥ ነው። ሥራዬ ካርቶን ማውረድ፣ ካርቶን መክፈት፣ ባዶውን ካርቶን ማጠፍ። እንግሊዝኛ ስለማላነብ ጠርሙሶቹን የምለያቸው በሥዕላቸው ነበር፤ ፈረሱ እዚህ፣ ግንቡ እዚያ፣ ጢማሙ ሰውዬ ታች። በዚህ ዓይነት ብዙ ጊዜ ሠራሁ፤ አንድ ቀን ጢማሙን ሰውዬ ከሌላ ጢማም ጋር ብቀላቅል ሳቁብኝ እንጂ ማንም አልተቆጣኝም። ወገቤ ግን ተቆጣ። ሐኪሙ አይቶ አይቶ፣ ከካርቶኑና ከወገብህ አንዱን ምረጥ አለኝ።

የሱቁ ባለቤት ደግ ፈረንጅ ናት። ወገቤን ስነግራት ትንሽ አሰበችና፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ ለደንበኞች ወይን የሚያስቀምሰው ሰውዬ ለቋል። አንተ ጠረጴዛው ላይ ቁም። ከሆነልህ ሥራው ያንተ ነው። ካልሆነልህ ግን ካርቶን የሌለበት ሌላ ሥራ የለኝም" አለችኝ። በዚህ ዕድሜ ሌላ ሥራ ማን ይሰጠኛል? እሺ አልኩ።

የሚቀመሰው ማልቤክ የሚባል ቀይ ወይን ነበር። እኔ ስለ ማልቤክ የማውቀው ካርቶኑ ከባድ መሆኑን ብቻ ነው። ደግነቱ ካሸራችን የአገሬ ልጅ ናት፤ በዲቪ የመጣች፣ የወልቂጤ ልጅ፣ ምላሷ እንደ እጇ ፈጣን። ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶን ላይ ተቀምጠን አስጠናችኝ።

"አባባ፣ አይፍሩ። ማልቤክ ለጀማሪ ይሆናል። አፍ አያኮማትርም፣ ከሥጋ ጋር ቢሉ ይሄዳል፣ ለብቻው ቢሉ ይጠጣል። የበሰለ ፕሪም ይሸታል ይበሏቸው።"

"አገሩ የት ነው?"

"አሁን አርጀንቲና። የተወለደው ግን ፈረንሳይ ነው። እዚያ ውርጭና ዝናብ ያስቸግረው ነበር፤ ወይኑም ጥቁርና ኃይለኛ ነው የሚወጣው። ሶ፣ ድሮ ግንዱን እየቆረጡ በመርከብ ወሰዱት። ሜንዶዛ የሚባል ቦታ፣ ትልልቅ ተራራ ሥር ተከሉት። ቀን ፀሐይ፣ ማታ ብርድ።"

"ደጋ ነው በይኛ።"

"ደጋ ነው፣ ግን ዝናብ የለውም። የተራራው በረዶ ሲቀልጥ በቦይ ያጠጡታል። እዚያ ነው የለሰለሰው።"

እናንተ አሁን፣ ልክ እንደ አንተ ተሰዶ የተደላደለ ነው ልትሉኝ ነው። እኔም በሆዴ ብዬው ነበር። ከዚያ ከካርቶኑ ልነሳ ስል ወገቤ ያዘኝና ልጅቷ ሁለት እጄን ስባ አነሳችኝ። ማልቤክ ሲሰደድ ለሰለሰ፤ እኔ ደረቅሁ።

አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ። "ሲቀዱ አንድ ጉንጭ ብቻ ነው አባባ። ከዚያ በላይ ሕጉ አይፈቅድም። ኦኬ?"

"ኦኬ" አልኩ። ኦኬ ማለት ቀላል ነው።

ቅዳሜ ነጭ ሸሚዝና የሠርግ ከረባቴን አድርጌ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጡት የዝናብ ካፖርት የለበሱ ባልና ሚስት ናቸው። አንድ ጉንጭ ቀዳሁ። ብርጭቆው የሕፃን ጭንቅላት ያክላል፤ ወይኑ ከሥሩ ተጋድሞ ሳየው ሌላ ሰው ጠጥቶ የተወው ትራፊ መሰለኝ። እኔ ባደግሁበት ቤት ለእንግዳ ጎደሎ ብርጭቆ መስጠት ማለት ሂድልኝ ማለት ነው። ለራሴ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ጉንጭ እያልኩ እጄ ብቻውን ጠርሙሱን አዘነበለው። ሁለቱንም ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላሁ።

ሰውዬው ደስ አለው። ሴትየዋ ግን ፉት ብላ አስቀመጠችው። "በቃኝ፣ አመሰግናለሁ" አለች። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው በቃኝ አይቆጠርም፤ እንግዳ የሚለምነውን ሰው እየጠበቀ ነው። እኔም በሞቴ ልላት ፈለግሁ። በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ስለማላውቅ ያለችኝን ቃል ሰብስቤ፣ ደረቴን በእጄ ይዤ፣ "ካልጠጣሽ እኔ እሞታለሁ" አልኳት።

ሴትየዋ ደነገጠች። ወደ ባሏ ዞራ፣ "ታሟል መሰለኝ፣ ልቡን ነው የያዘው!" አለችና ወይኑን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ባሏ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ፣ አምቡላንስ ልጥራ ወይ አለኝ። እኔ ይሄን ሁሉ እንክብካቤ ሳይ፣ እንዴት ያሉ ጨዋ እንግዶች ናቸው ብዬ ብርጭቋቸውን ደገምኩ። ከኋላቸው ለመጡት ለሁለቱም እንደዚያው።

የሱቁ ባለቤት ከጓዳ ስትወጣ አራት ሰዎች አራት ሙሉ ብርጭቆ ይዘው ይስቃሉ። ፊቷ የማልቤኩን ቀለም ያዘ። "ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ነው!" አለች። ያኔ ካሸሯ መሳቢያውን ቆልፋ ደረሰችና ጠርሙሱን ያዘች። እኔም አልለቅም።

"አባባ፣ ወዲህ ይስጡኝ።"

"ለእንግዳ ጎደሎ ይቀዳል እንዴ?"

"እንግዳ አይደሉም፣ ደንበኛ ናቸው!"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"ደንበኛ መኪና ነድቶ ነው የሚገባው!"

ጠርሙሱን ለቀቅሁላት። የሰዎቹን ብርጭቆ ሰበሰበች፣ ዳቦና ውሃ ሰጥታ አስቀመጠቻቸው፣ መጥቶ ለሚወስዳቸው ሰው እንዲደውሉ አደረገች። ከዚያ በጆሮዬ፣ "እኔ እቀዳለሁ፤ እርስዎ ወሬውን ያውሩ" አለችኝ። የነበረኝን እንግሊዝኛ በሙሉ አወጣሁ፤ "ፈረንሳይ፣ ብርድ፣ ታመመ። መርከብ። አርጀንቲና፣ ተራራ፣ ፀሐይ፣ ዳነ።" በዚህ አለቀ። እነሱ ግን፣ ከዚያስ? እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። እኔም ስለ በረዶው ውሃና ስለ ቦዩ በእጄ አሳየኋቸው። ካፖርት ለባሿ ሴትዮ ልትሄድ ስትል ማልቤክ ገዛች፤ ያዘነችልኝ ይመስለኛል።

የሱቁ ባለቤት "ሰኞ እንነጋገራለን" ብላኝ ገባች። እሑድ ቅዳሴ ላይ አእምሮዬ ካርቶን ሲያነሳና ሲጥል ዋለ። ሰኞ የሥራ ሽርጤን አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ላስረክብ ይዤ ሄድኩ።

"ሁለተኛ ጠርሙስ እንዳትነካ" አለችኝ።

"እሺ።"

"ወንበር አለልህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጠህ ታወራለህ። ሌላውን ቀን መደርደሪያ ታጸዳለህ። ካርቶን ሌላ ሰው ያነሳል።"

ወንበሩ ላይ እስከ ዛሬ ተቀምጫለሁ። ያን ቀን ግን ነገሩ ስላልገባኝ፣ ምን አድርጌ ነው? ብዬ ጠየቅኋት። ጠዋት ከእኔ በፊት አንድ ሰው ገብቶ፣ እሱን ካባረርሽው እኔም እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ የምቀዳው እኔ ነኝ፣ ካሹን ሌላ ሰው ፈልጊለት እንዳላት ነገረችኝ። ያ ሰው ለእኔ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። ወገቤን ያተረፈችልኝ እሷ ናት፤ የወልቂጤዋ ልጅ፣ ካሸራችን።