እትዬ ኮምፒውተር ሲከፍቱ

ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ራዲዮ ከመፈታታት ተነስቶ ነው እንጂ ወረቀትስ የለውም፤ ግን ስሙን ወዶታል፣ ሲጠሩት ቀና ይላል። ታዲያ ለአንዲት ትንሽ የጥብቅና ቢሮ ኔትወርክ ሲዘረጋ፣ ለስድስቱም ኮምፒውተሮች አድራሻ፣ ማለትም እያንዳንዱ ለብቻው የሚታወቅበትን ቁጥር፣ በእጁ ሞላ። ጌትዌዩን፣ ማለትም ሁሉም ወደ ኢንተርኔት የሚወጡበትን የራውተሩን ቁጥርም አስገባ። የመጨረሻውን፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን የእትዬን፣ እየተቻኮለ ጨርሶ ሄደ።

በማግስቱ ጉድ ፈላ። እትዬ ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ የሁሉም ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ ሲዘጉ ይመለሳል። ቢደውሉለት መጥቶ እንኳ አላየውም። «እትዬ ነካክተውት ይሆናል፤ ትልቅ ሰው አይደሉ?» ብሎ በስልክ ሳቀ። ቢሮውም አብሮ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ እንዳይከፍቱት ከለከላቸው። እትዬ ይቅርታ ጠይቀው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጠፋ ስክሪን ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ጡረታ ይውጡ የሚል ወሬም ተጀመረ።

ከዚያ ኢንጂነሩ ፕሪንተር ሊያገናኝ መጣና፣ እግረ መንገዱን የእሳቸውን ከፍቶ አየው። የኮምፒውተሩ አድራሻ በሚገባበት ቦታ፣ በገዛ ጣቱ የራውተሩን ቁጥር ጽፎበታል። ሁለቱ አንድ ቁጥር ይዘው፣ ወደ ራውተሩ መሄድ ያለበት ሁሉ እትዬ ጋ እየመጣ ይቀር ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኸው ነው። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ቁጥሩን ቀየረው፤ ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

«ተስተካክሏል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ጎበዝ ነህ። እትዬ ያበላሹትን ማን ያቃናዋል ብዬ ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ። «ከጉድ አወጣኸኝ።»

ቦርሳውን አንስቶ ወጣ፤ ሌባ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም። ደረጃው አጋማሽ ላይ ግን እግሩ አልሄድ አለው። ያንን ምርቃት ተሸክሞ እንዴት ቤቱ ይግባ? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እትዬ ምንም አልነኩም።»

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «የነካሁትን እንኳ አላስታውስም፣ አእምሮዬ እየከዳኝ ነው ብዬ ልጄ ፊት አለቀስኩ። እሷም ሥራውን ይተዉት ብላኛለች።»

ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ደውልና አንተው ንገራት» ብለው የልጃቸውን ስልክ ቁጥር ይነግሩት ጀመር። እንዳይሳሳት ሁለቴ አስደገማቸው።