ዳኛው የሸና ዕለት

በቅርቡ ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ሽንቱ ተዘግቶበት እዚሁ አዳማ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ፕሮስቴት ነው አሉን። ስድሳን ያለፈ ወንድ ያለበት ቤት ሁሉ የሚያውቀው ጣጣ ነው። ቀጭን ላስቲክ አስገቡለትና እኔ ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለውን ከረጢት ሳይ ዋልኩ። ነርሷ በገባች ቁጥር "ጨመረ አይደል?" እላታለሁ። መጀመሪያ ላይ በትሕትና ትመልስልኝ ነበር፤ በኋላ ግን ሳታየኝ መውጣት ጀመረች። አልፈርድባትም፣ እኔም ብሆን ራሴን እሸሽ ነበር።

የተኛ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ከረጢቱን ስመለከት ደረጀ ዓይኑን ሳይገልጥ "እታለም" አለኝ፣ "አሸዋ እንዳታነጥፊልኝ ብቻ። እኔ ዳኛው አይደለሁም።"

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያመው ዝም አለ። እኔ ግን ልቤ ወደዚያ ዘመን ሄዶ ቀረ።

ዳኛው ድመት ነበር። ጆሮው በጠብ የተቦደሰ፣ ነጭና ግራጫ የሆነ ኩሩ ወንድ ድመት። ስሙን ያወጣለት ደረጀ ነው፤ የሰፈር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ መሀል ሜዳ ሄዶ እየተቀመጠ አልነሣም ይል ስለነበር። ከተማችን ያኔ ናዝሬት ነው የምትባለው። እኔ የልብስ ስፌት የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ እሠራ ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ የምንሰፋው ካኪ ነው፣ ማን እንደሚለብሰው ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀን ተራው የእኛ ቤት ሆነና ቀበሌ ደረጀን ለብሔራዊ ውትድርና ጠራው። መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል እናቴን አቅፎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ዳኛውን አደራ። እማዬ እንዳታባርረው" አለኝ።

እናቴ ድመት አትወድም ነበር። መጥረጊያ ይዛ ነበር ከማድ ቤት የምታስወጣው። ደረጀ ከሄደ በኋላ ግን ድመቱ የሱ አልጋ ላይ ሲወጣ አይታ እንዳላየች ታልፈው ጀመር። "አልጋው ባዶ ከሚሆን ይተኛበት" አለችኝ አንድ ቀን፣ ሳልጠይቃት።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ እናቴ ለእመቤታችን ቃል ገባች። ልጇ በሰላም እንዲመለስላት ጾሙን ከወትሮው አጥብቃ ልትጾም፣ ከቤቷም ደጃፍ የፍስክ ነገር እንዳያልፍ። እንደ ሌላው ጊዜ የሥጋ ድስቶቹን አጥቦ መደርደር አልበቃትም፤ በጆንያ ቋጥራ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለቻቸው። ከደረጀ ወሬ ከጠፋ ሰንብቷል። የሰሜኑ ጦርነት በሬዲዮ ሁልጊዜ ድል ነው፤ በሰፈራችን ግን በየጊዜው ድንኳን ይተከላል። ስለዚህ ማንም እናቴን አበዛሽው የሚላት አልነበረም።

ዳኛውም አብሮን ጾመ። ሽሮ ፍትፍት ሲሰጡት ያሸታል፣ ይተወዋል፣ ሲርበው ተመልሶ ይበላል። ቧንቧው ሲያሻው ብቻ የሚመጣበት፣ አቧራው ከጥርስ የማይለቅበት የመጋቢት ሙቀት ነበር። ውሃ ሲጠጣ ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም፤ ልብ ብዬም አላየሁ።

አንድ ጠዋት ጓሮ ወጥቶ አፈር ሲጭር፣ ቁጢጥ ሲል፣ ሲያምጥ አየሁት። ምንም ሳይወጣው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይጭራል። እናቴ "ሆዱ ደርቆ ነው" አለችና ተልባ ዘፍዝፋ በማንኪያ አጠጣችው። ለሆድ ድርቀት በቤታችን ከተልባ ሌላ መድኃኒት አይታወቅም። አስመለሰው። በማግስቱ አልጋ ሥር ገብቶ፣ ስነካው እንደ ሕፃን ጮኸ። ሆዱ ብርቱካን የዋጠ ይመስል ጠጥሯል። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ "ልጄ አደራ ያለውን..." ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። እኔም ያኔ ነው የፈራሁት። የፈራሁት ለድመቱ ብቻ አልነበረም። ይህ ድመት ከሞተ እናቴ ምን ምልክት አድርጋ እንደምትወስደው ገብቶኝ ነበር።

ለማኅበሩ ሊቀመንበር "ቤተሰብ ታሞብኛል" አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም። ዳኛውን በዘንቢል አድርጌ በሻሽ ሸፍኜ ደብረ ዘይት የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። የእንስሳት ሐኪም እዚያ አለ ሲባል ሰምቼ ነበር።

ረዳቱ ዘንቢሉን እያየ "ዶሮ ነው?" አለኝ።

"ድመት ነው። ሐኪም ቤት ልወስደው ነው።"

"እኛ ሐኪም አጥተን እሷ ለድመት!" አለ አንድ ሰውዬ ከኋላ። አውቶቡሱ ሳቀ። ሞጆ ላይ ሲቆም ሸንኮራና ቆሎ የሚሸጡ ልጆች መስኮቱን ከበቡት፤ እኔ እጄን ዘንቢሉ ውስጥ ከትቼ ትንፋሹን ብቻ ነበር የማዳምጠው።

ሐኪሙ ከኩባ ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር። በሬና አህያ ይዘው በተሰለፉ ገበሬዎች መሀል ዘንቢሌን ስከፍት ፈገግ አለ። ሆዱን ሲዳስስ ግን ፈገግታው ጠፋ።

"ምን ይበላል?"

"እኛ የምንበላውን።"

"እናንተ አሁን ምን ትበላላችሁ?"

"ሽሮ ነዋ። ጾም አይደል?"

"እሱም ይጾማል?"

ገበሬዎቹ ሳቁ፣ እኔ እንባዬ መጣ። ሐኪሙ ግን ሳይስቅ በቀስታ አስረዳኝ። ሽንቱ ውስጥ እንደ አሸዋ ያለ ነገር ተጠራቅሞ መውጫውን ደፍኖታል፤ የወንድ ድመት መሽኛ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይዘጋል። አደንዝዞ በቀጭን ላስቲክ ከፈተለት። እዚያው አደረ፤ እኔም ዘመድ ቤት አድሬ በማግስቱ ስመጣ ዳኛው ዓይኑን ገልጦ ነበር። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፦

"እህቴ፣ ዳነ ብለሽ እንዳትዘናጊ። ክፉው ጊዜ ገና አሁን ነው፤ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። ሥጋ በመረቅ አድርገሽ ስጪው፣ ውሃ የበዛበት ይሁን። መሽናቱን በዓይንሽ እዪ። ካልሸና ሳትውዪ ሳታድሪ አምጪው። ላስቲኩ የገባበትን ቁስልም እንዳይልስ ከልክይው።"

እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚታሰር ሰፊ ኮሌታ ሰፋሁለት። ከሥራ ያመጣሁት ቁርጥራጭ ካኪ ነበር። እናቴ ገና ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። "አውልቂው" አለችኝ። "ይኼንንም ወታደር ልታደርጊብኝ ነው?" በአሮጌ አበባማ አንሶላ ሌላ ሰፋሁ። ዳኛው በዚያ ኮሌታ የተቆጣች ሙሽራ መስሎ በየግድግዳው እየተጋጨ ሲሄድ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ሳቅ ያመልጠን ነበር።

የመረቁ ነገር ግን አላሳቀንም።

"ከዚህ ደጃፍ አያልፍም" አለች እናቴ። "ቃል የገባሁት ለደረጀ ብዬ ነው።"

"ድመቱስ የማን ነው? የደረጀ አይደለም?"

ወደ ጓዳ ገባች፤ ስታለቅስ ሰማኋት።

ያዳነችን ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ናት። ከአርሲ ነገሌ እህል እያመጣች የምትነግድ፣ ሳቂታ ሴትዮ። እሷና ባሏ ጴንጤ ነበሩ። የጸሎት ቤታቸው ስለተዘጋ እቤታቸው ነው የሚያመልኩት፤ መዝሙራቸው በአጥሩ በኩል እንደ ጉምጉምታ ይሰማናል። እናቴ ከሷ ጋር ሰላምታ አልነፈገችም፣ ግን ውሃ እንኳ ከቤቷ ቀምሳ አታውቅም። ዳኛውን ታቅፌ አጥሩ ጋ ሳለቅስ ስታየኝ "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ? ምነው፣ በሽተኛውን ወዴት ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። "እና ለዚህ ነው የምታለቅሺው? አምጪው፤ እኔ ቤት ይብላ። የእናትሽን ደጃፍ ማን ነካው?"

እንዲህ ሆነ። ጠዋትና ማታ ዳኛውን አሻግረው ነበር፤ መረቁን የአዴ ጫልቱ ደጃፍ ላይ ልሶ ይመለሳል። እናቴ ጢሙን እያሸተተች "የት ነው የሚውለው ይኼ?" ትላለች፤ መልሱን ግን አትጠብቅም። እኔ በአሮጌ ትሪ አሸዋ አንጥፌ አሸዋው መርጠቡን ሳላይ ሥራ አልሄድም፣ ስመለስም ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ትሪው ነው የምሮጠው። ስፌት ላይ ተቀምጬ እንኳ ሐሳቤ እዚያው ትሪው ጋ ነበር። መርፌው ጣቴን የወጋኝ በዚያ ሰሞን ነው።

አዴ ጫልቱ እህል ልታመጣ ነገሌ ሄደች። በነጋታው እመለሳለሁ ብላ ነበር፤ የተሳፈረችበት የጭነት መኪና ተበላሸና መንገድ ላይ ቀረች። ዳኛው ወደ ሽሮው ተመለሰ። እሑድ ጠዋት ትሪውን ሳይ አሸዋው ደረቅ ነው። እያየሁት ቁጢጥ አለ፣ አማጠ፣ ምንም የለም። እንደገና። ምንም። ደብረ ዘይት እሑድ ዝግ ነው፤ እስከ ሰኞ ደግሞ ይቆይ አይቆይ እንጃ።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው ያገኘችኝ። "ተመልሶ ተዘጋ" አልኳት። "መረቅ ካጣ ሰንብቷል። ሊሞት ነው፣ እማዬ።"

ነጭ ነጠላዋን የደረጀ አልጋ ላይ ጣል አድርጋ ድመቱ አጠገብ ተንበረከከች። አየችው። ከዚያ ተነሥታ ወንበር ሳበች፣ ላዩ ላይ ወጣችና ያንን ጆንያ ከቁም ሣጥኑ አወረደች።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ሥጋ ላመጣ።"

"በሁዳዴ ማን ይሸጥልሻል? ሥጋ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው።"

"የእስላሙ ክፍት ነው።"

በዕድሜዋ ወደዚያ ሥጋ ቤት ዞር ብላ አታውቅም፤ ያውም በጾም፣ ያውም እሑድ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ ጓደኞቿ በሞሉበት መንገድ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"ደረጀ መጥቶ 'ድመቴስ?' ቢለኝ ጾሜ ገደለው ልበለው?"

ሥጋውን ይዛ መጣች፣ በገዛ ድስቷ ቀቀለች። እንፋሎቱን ላለማሽተት ፊቷን ወደ ጓሮ አዙራ ነበር የምታማስለው። አቀዝቅዛ፣ በጣቷ እየነከረች አፉ ላይ ቀባችለት። መጀመሪያ ጭንቅላቱን አዞረ። ከዚያ ምላሱን አወጣ። ከዚያ ሳህኑን ራሱ ያዘው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል። እናቴ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፤ እኔ ከዳኛው ዓይኔን አላነሣም። አንዴ ትሪው ላይ ወጥቶ ጭሮ ጭሮ በደረቁ ወረደ፣ ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ጥላው ወደ ማዶ ሲዞር ዳኛው ተነሣ፣ ቀስ ብሎ የደረጀ አልጋ ላይ ወጣና የእናቴ ነጠላ ላይ ቁጢጥ አለ። ላባርረው ስዘል እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ተዪው!"

ነጩ ነጠላ ላይ እርጥብ ነገር ታየ። ሰፋ። ሰፋ። እናቴ፣ ሽንት የሚለውን ቃል በሰው ፊት መጥራት የምታፍረዋ እናቴ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሰፈሩ ተገልብጦ መጣ። መሸፈኛ ያልያዙ፣ ጫማ ያላጠለቁ፣ ሊጥ በእጃቸው ያለ ሴቶች ግቢያችንን ሞሉት። "መጣ ወይ? ደረጀ መጣ?" ይላሉ። ከሴቶቹ አንዷ ገና ሳትደርስ ታለቅስ ነበር፤ የሷ ልጅ ከደረጀ ጋር ነው የሄደው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ የረጠበ ነጠላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"ገና ነው" አለች። "ድመቱ ነው የሸናው። ይኼን ያሸና አምላክ ያንንም ያመጣዋል።"

ከዚያ ያቺ የምታለቅሰው ሴት ራሷ እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት።

ሰኞ ማለዳ ደብረ ዘይት ወሰድኩት፤ ሐኪሙ አይቶት በመረቁ ግፉበት አለኝ። እናቴ ነገሩን ለንስሐ አባቷ ስትነግራቸው "ያልበላሽውን ምኑን ልፍታሽ?" ብለው ሸኟት። አዴ ጫልቱ ስትመለስ እናቴ ራሷ አጥሩ ጋ ጠራቻትና ሁለቱ ብዙ አወሩ። ከዚያ ወዲያ በየጾሙ ለዳኛው አንዲት ትንሽ ድስት ከጆንያው ውጭ ትቀር ነበር።

ደረጀ የመጣው መንግሥት ሲለወጥ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩም በመኪናም እያለ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ አንድ ከሰዓት በሩ ላይ ቆመ። አብሮት የሄደው የዚያች ጎረቤታችን ልጅ ግን አልመጣም። አርጅቶ የከበደው ዳኛው የደረጀን እግር አሽትቶ ወደ አልጋው ተመለሰ። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። መሬት ላይ ቁጭ አለች። እስክትሞት ድረስ ይቆጫት ነበር። "ለድመት እልል ብዬ ለልጄ አጣሁት" ትል ነበር፣ ግማሽ በቀልድ።

ሐሙስ ዕለት ለደረጀ ላስቲኩን አወጡለት። ሐኪሙ "በራሱ ካልሸና ወደ ቤት አይሄድም" አለ። መጸዳጃ ቤት ገባ፤ እኔ መተላለፊያው ላይ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ቆየ። ጭንቀት ከዕድሜ ጋር የሚቀንስ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አይቀንስም፣ ጉልበት ነው የሚቀንሰው። እናቴ ያን እሑድ በምን አቅሟ እንደቆመች ያኔ ገባኝ። ከውስጥ የደረጀ ድምፅ መጣ።

"እታለም!"

"አቤት!"

"በቃ... ሆነ።"

እጄን አፌ ላይ አድርጌ እልልታውን ለቀቅኩት። የቀረኝን ትንፋሽ ሁሉ አወጣሁት። ነርሷ ሮጣ መጣች፤ ከየክፍሉ አስታማሚዎች ብቅ አሉ። አንዲት ወይዘሮ "እሰይ! ማን ወለደች?" አለችኝ።

"ማንም አልወለደች፣ የኔ እመቤት" አልኳት። "ወንድሜ ከጦር ሜዳ መጥቶ ነው።"

ዘወር ብላ ሌሎቹን አየች። በሩ ተከፈተና ደረጀ ፒጃማውን እየያዘ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

"እማዬ መስላኝ" አለ።